ለኩባዎቹ በግ አይታረድም

«ኮምፓኜሮ፣ ኮምፓኜሮ» እያለ፣ በእስፓኝ «ጓዴ፣ ጓዴ» ማለቱ ነው፣ አድማሴ ድንኳኑ ውስጥ ሲገባ ሃጂራ ከሴቶቹ ክፍል ሆና በመጋረጃው በኩል አየችው። ባርኔጣ አድርጎ ነው ለቅሶ የመጣው። ያውም የሣር ባርኔጣ፤ ሐምሌ ዶፉን በሚያወርድበት፣ ፀሐይ ከታየች በሰነበተችበት ጎንደር። ከላይ ጥቁር ኮት ደርቧል፤ ከኮቱ ሥር አበባ አበባ ያለበት ሸሚዝ ለብሷል። ኮቱ ለሟቹ፣ ሸሚዙ ለኩባ መሆኑ ነው።

ሟቹ ዐብዱልከሪም ባሏ ነው። ለሥራ በሚመላለስባት አይከል፣ ከአንድ ገበሬ ማሳ ዳር ቆሞ ሲናገር ድንገት ወደቀ፤ በመሥሪያ ቤቱ ማኪና ጎንደር እስኪያደርሱት ነፍሱ አልጠበቀችም። የተቀበረው ትናንት ነው።

አድማሴን ተከትለው የገቡትን ሰዎች የአዲስ ዓለም ሰፈር ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል፤ «ኩባዎቹ» ነው የሚላቸው። በደርግ ጊዜ አባታቸው በጦርነት የሞተባቸው ልጆች ተለቅመው ኩባ ሲላኩ አብረው የሄዱ፣ እዚያው አድገው፣ እዚያው የእርሻ ትምህርት ተምረው የተመለሱ ናቸው። ተመልሰውም በየግብርናው መሥሪያ ቤት ገቡና ማዳበሪያ ሲያከፋፍሉ፣ ሪፖርት ሲጽፉ ፀጉራቸው ሸበተ። ከዚህ ሁሉ ዕድሜያቸው ግን ደስ ብሏቸው የሚያወሩት ስለዚያች ደሴት ብቻ ነው። የደባርቅ ውርጭ አይነሳ፣ የዛሪማ ሙቀት አይነሳ፣ የገበሬው እሮሮ አይነሳ። አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር ባሕር ነው፣ ሸንኮራ ነው፣ ጭፈራ ነው። አድማሴ ደግሞ አለቃቸው ነው። የወገራ ቄስ ያሳደጉት የልጅ ልጅ፣ እግሩ እስከ ዛሬ የወገራን ጭቃ የሚያቦካ፣ በአፉ ግን «የላቲን ቅርሳችን» ካላለ ውሃ የማይወርድለት ሰው ነው።

ሰዉ ዱዓ እያደረገ ቀስ ብሎ እንባውን በሚያብስበት ድንኳን መሐል አድማሴ ቆመና በእስፓኝ ቋንቋ እየጮኸ ማልቀስ ጀመረ። አያ ቡሽራ፣ የዐብዱልከሪም አጎት፣ መቁጠሪያቸውን ይዘው ተነሱ።

«ልጄ፣ እኛ ቤት ጮኸው አያለቅሱም። ተቀመጥና ዱዓ አድርግለት።»

«ይቅርታ አያ፣ ስሜቴ አሸንፎኝ ነው።»

«ስሜትህንም ይዘኸው ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። ወዲያው ስልኩ ጮኸ፤ ጥሪው መለከትና ከበሮ ያለበት የኩባ ዘፈን ነው። አድማሴ ስልኩን ከኮቱ፣ ከሱሪው፣ ከሸሚዙ ኪስ እስኪያገኘው ዘፈኑ አዝማቹ ላይ ደረሰ። ለቀስተኛው መሬት መሬት አየ። ከሴቶቹ አንዷ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች፤ ለቅሶ አልነበረም።

ሃጂራ አልሳቀችም፤ አላለቀሰችምም። ከትናንት ጀምሮ እንባዋ እንቢ ብሏታል። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላልና ሴቶቹ ፊቷን እየሰረቁ እንደሚያዩ ታውቃለች። ይዩ። እሷ በዚያች ሰዓት የምታስበው ስለ ባርኔጣው ነበር፤ ያን ባርኔጣ ከነሰውየው ቀሃ ወንዝ ብትወረውረው ስንት ሰው ይመርቃት እንደነበር።

ከመሄዱ በፊት አድማሴ የሴቶቹ ክፍል በር ላይ መጥቶ ቆመ።

«ሃጂራ እህቴ፣ እግዜር ያጥናሽ። ከሪም ላንቺ ባል ነው፤ ለእኛ ግን ታሪክ ነው። የላቲን ቅርሳችን ዋልታ ነው የወደቀብን።»

«አላህ ይስጥልኝ» አለች ሃጂራ። እሱ አንቺ ሲላት እሷ «እርስዎ» ነው የምትለው፤ ድሮም እንዲሁ ነው። አክብራው ሳይሆን አጥር አድርጋው ነው።

«የዘንድሮው ቀናችን ለእሱ መታሰቢያ እንዲሆን ወስነናል። ፎቶውን አሳድገን እንሰቅላለን፤ ንግግር አለ። የኩባው ሩዝ በቦሎቄም በስሙ ይሠራል። ብቻ…» ባርኔጣውን ነካ ነካ አደረገ። «ቦሎቄዋ የታለች? የዘንድሮዋ ጥቁሯ? ጆንያዋን የሚወስድ ሰው ልላክ ወይስ…»

«እርስዎ የመጡት ለለቅሶ ነው ለቦሎቄ?»

«ኧረ ለለቅሶ ነው።»

«እንግዲያው አልቅሰዋል።»

አድማሴ እጅ ነስቶ ወጣ። ኩባዎቹም ተከታትለው ወጡ፤ ዝናቡ ባርኔጣውን ሲያርሰው ሃጂራ በመስኮት አይታ ትንሽ ቀለላት።

ጆንያዋ ያለችው ጓዳ ውስጥ፣ ከሃጂራ የበርበሬና የእርድ ጆንያዎች ጎን ነው። ሃጂራ የቅመም ነጋዴ ልጅ ናት፤ ራሷም የቅዳሜ ገበያ ነጋዴ ናት፤ ቤቷ ውስጥ የተቀመጠ እህል ሁሉ የሚሸጥ ነው፣ ከዚያች ጥቁር ቦሎቄ በቀር። ያቺ የኩባዎቹ ናት። ባሏ በየዓመቱ አይከል አንዲት ጥግ መሬት ላይ ያመርታትና ለእነሱ ቀን ያበረክታታል፤ እንደ ገባር። ሃጂራ ነገ ከነገ ወዲያ ለጎረቤት ላም እሰጣታለሁ ብላ ወስናለች።

ሴቶቹ ሻይ ከፔርሙዝ እየቀዱ ሟቹን ያነሱ ጀመር። ዐብዱልከሪም ቸር ነበር አሉ። ተጫዋች ነበር አሉ። ቤቱን ይወድ ነበር አሉ። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው። ሃጂራ እየሰማች ማንን እንደሚሉ ገረማት። እሷ የምታውቀው ዐብዱልከሪም ሸንጎ ላይ ቢያስቀምጡት ከምሰሶው እኩል ዝም የሚል፣ ጫማው ላይ የአይከልን ጭቃ ይዞ ገብቶ፣ ከምስማር ላይ ሳህኑን ራሱ አውርዶ፣ የሰጡትን በልቶ፣ ሳህኑን ራሱ አጥቦ መልሶ የሚሰቅል ሰው ነው።

የሳህኑ ነገር ከእሷ በፊት የመጣ ነው።

ዐብዱልከሪም ኩባ ሲሄድ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ሲመለስ ጢም አብቅሏል። እናቱ በራፉ ላይ አቅፈውት ብዙ አለቀሱ። አልቅሰው ሲያበቁ መጀመሪያ የጠየቁት ግን ስለ ጤናው አልነበረም።

«የዚያ አገር ሰው እሪያ ይበላል አሉ። በልተሃል?»

«አልበላሁም እማ።»

«ወላሂ በል።»

«ወላሂ አልበላሁም።»

እናቱ ልጃቸውን አመኑ፤ ኩባን ግን አላመኑም። ለማንኛውም ብለው ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ የቆርቆሮ ሳህን ገዝተው ለብቻው አደረጉለት። በሌላ ሳህን አይበላም፤ ሳህኑም ከሌላ ዕቃ ጋር አይታጠብም። ሆዱ እስኪጠራ ነው ተባለ። ሆድ መቼ እንደሚጠራ ግን የሚወስን ሰው አልነበረም። ሃጂራ ሙሽራ ሆና ስትገባ ሳህኑ ምስማር ላይ ተሰቅሎ አገኘችው፤ መጀመሪያ ሳቀችበት። አማቷ ሲሞቱ ሳህኑን ከሌሎቹ ልትቀላቅለው አስባም ነበር። ኋላ ግን የኩባዎቹ ቀን የሚባለው ነገር መጣና ሐሳቧን ለወጠች።

ማታውን አያ ቡሽራ ስለ ሰደቃው ሊነጋገሩ ወደ ሴቶቹ ክፍል ገቡ። ሒክማ፣ የሃጂራ ልጅ፣ ከማራኪው ዩኒቨርሲቲ ከትምህርቷ ተጠርታ የመጣችው፣ ከእናቷ ጎን ተቀምጣለች።

«በጎቹ ደርሰዋል» አሉ አያ ቡሽራ። «የእኛን እኔ አርዳለሁ። የክርስቲያኖቹን ጎረቤታችን ክንዱ ያርዳል፤ ነግሬዋለሁ። ሚስቱ ድስቷን ይዛ መጥታ በጓሮ በኩል ትሠራለች።»

ይህ በጎንደር አዲስ ነገር አይደለም። ሙስሊሙ ሲደግስ ለክርስቲያን ጎረቤቱ በክርስቲያን እጅ ያሳርዳል፤ ክርስቲያኑም ሲደግስ ለሙስሊሙ እንዲሁ። ድስቱ ለየብቻ፣ ጭልፋው ለየብቻ፣ እንግዳው ግን አንድ ድንኳን ውስጥ ነው። እንግዳውን ደረቅ አፉን የሚመልስ ቤት ስሙ ከሰፈሩ ይጠፋል።

«ክንዱ በጉን ከነነፍሱ ወስዶ ቤቱ ይረደው» አለች ሃጂራ። «ከጎረቤቱ ጋር እዚያው ይብሉ፤ የእነሱ መብት ነው። ድንኳኑ ውስጥ ግን የክርስቲያን ሥጋ አይቀርብም።»

«ምነው ልጄ? የመሥሪያ ቤቱ ሰዎችስ? እነዚያ ጓደኞቹ?»

«ለኩባዎቹ በግ አይታረድም።»

አያ ቡሽራ መቁጠሪያቸውን አቆሙ።

«ስንት ዓመት ነው ባሌን በየሐምሌው የጠሩት አያ? ስንት በግ ነው ያረዱት? አንድ ቀን፣ አንዷን እንኳ፣ ይቺን ደግሞ ለዐብዱልከሪም ሙስሊም ጠርተን እናሳርድ ያለ አለ? በጾመ ሐዋርያት ሲውል ቀናቸውን ለራሳቸው ጾሙ እስኪፈታ ይገፋሉ፤ ረመዳን ላይ ሲውል ግን እሱን ከነጾሙ አስቀምጠው አስጨብጭበውታል። እስቲ እነሱም ሰው ሲበላ ማየትን ይቅመሷት።»

«ሟቹን ነው የምታሳፍሪው።»

«ሟቹ ማፈር ከተወ ቆይቷል» አለች ሃጂራ፤ ከአፏ ከወጣ በኋላ ሒክማ ቀና ብላ ስታያት ፊቷን አዞረች። አያ ቡሽራም ክፉኛ አዝነው ወጡ።

የተናገረችው ግማሹን ነው። ግማሹን ለማንም ነግራ አታውቅም።

ኩባዎቹ በዓመት አንዴ፣ ጾሙ ሲፈታ፣ ማራኪ ሰፈር አንድ ግቢ ተከራይተው ቀናቸውን ያከብራሉ። አበባማ ሸሚዝ ይለብሳሉ፤ እየተንጠራሩ በየተራ ንግግር ያደርጋሉ፤ ወገባቸው የማይችለውን ጭፈራ ይጨፍራሉ። በኩባ ለእንዲህ ያለ ቀን የሚጠበሰው አሳማ ነው አሉ። ጎንደር ላይ አሳማ የሚበላ ስለሌለ በግ ሙሉውን እንጨት ላይ ሰክተው ይጠብሱና በአሳማው ስም ይጠሩታል። ለላቲን ቅርስ ብሎ በግን አሳማ ማለት የት አገር እንደሚደረግ ሃጂራ አታውቅም።

መጀመሪያ መጀመሪያ ዐብዱልከሪም ከዚያ ሲመለስ ርቦት ነበር የሚመለሰው። ጓዳ ገብቶ ቆሞ ቀዝቃዛ ዳቦ ሲገምጥ ታገኘዋለች።

«ጠርተው የማያበሉህ ዘንድ ምን ልትሠራ ትሄዳለህ?»

«አብሮ አደጎቼ ናቸው።»

«ታዲያ አብሮ አደግ እንዲህ ነው?»

መልሱ ዳቦውን መግመጥ ነው።

ኋላ አንድ ዓመት ያቺን ጥቁር ቦሎቄ ማምረት ጀመረ። ጆንያዋን ጭኖ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ ጠግቦ መምጣት ጀመረ። «በልቻለሁ» ይላል። «ምን?» ስትለው «የነበረውን» ይላል። ቦሎቄ እንዳልሆነ እርግጠኛ ነበረች፤ ምክንያቱም ደስ ይለው እንደሆነ ብላ ከዚያችው ጆንያ ቆንጥራ አንድ ቀን ሠርታለት ሳህኑን ገፍቶ ተነስቷል። «ቦሎቄ ለእኔ አትሥሪ። ድርሻዬን በልቼ ጨርሻለሁ» ነው ያላት። ታዲያ ሆዱ በምን ሞላ? ሃጂራ ነጋዴ ናት፤ የጎደለውንና የሞላውን ማመዛዘን ታውቃለች። ቦሎቄውን ለእነሱ ሰጣቸው፣ እነሱም ሥጋቸውን አበሉት። የእነ አድማሴን እጅ የነካው፣ ቢስሚላህ ያልተባለበትን ሥጋ በላ። ለጭፈራ ብሎ። ለባርኔጣ ብሎ።

አልጠየቀችውም። ብትጠይቀው ወላሂ ይላል፤ ከዚያ ደግሞ ማመን ይመጣል። ሳህኑን ምስማሩ ላይ ተወችው። የአማቷ የነበረው ሳህን የእሷ ሆነ። ባሏን ናቀችው፤ በሰው ፊት አከበረችው፣ በልቧ ናቀችው። ዐብዱልከሪምም ሳህኑን እያወረደ በላ፣ እያጠበ ሰቀለ። አንድም ቀን ለምን አላለም፤ ለምን አለማለቱን እሷ ጥፋቱን እንደ ማመን ቆጠረችበት።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ብርቱካን ብቻዋን መጣች። ከኩባዎቹ ብቸኛዋ ሴት እሷ ናት፤ የከብት ሐኪም ናት፤ ከነጠላዋ ሥር ሱሪ ታጥቃለች። ሴቶቹ ተያዩ። ሃጂራም ትንሽ ከንፈሯን ጣል አደረገች፤ ደግሞ ይቺ በእስፓኝ ልታለቅስ ነው ብላ ጠበቀች። ብርቱካን ግን ጫማዋን አውልቃ፣ ከምንጣፉ ጫፍ ተቀምጣ፣ በአማርኛ ዝም ብላ አለቀሰች። ሒክማ ሻይ ሰጠቻት።

«ነገ ሰደቃው ነው» አለቻት ሃጂራ ትንሽ ቆይታ። «ትመጣላችሁ። የምትበሉት ግን አታገኙም። የክርስቲያን በግ አላሳረድኩም።»

እንዲህ ያለ ነገር ፊት ለፊት አይባልም።

ብርቱካን አልተቆጣችም። «ምን ችግር አለው» አለች አፍንጫዋን እየጠራረገች። «ቦሎቄዋ አለች አይደል? ከሪም ያቺን ብቻ እየበላ ይኼን ሁሉ ዓመት ከእኛ ጋር ተቀምጧል፤ እኛ አንድ ቀን ያቅተናል?»

«ምን አልሽ?»

«ቦሎቄዋን ነዋ። ሌላ ምን ይበላ ነበር?»

«ሥጋችሁን ነዋ» አለች ሃጂራ። ድምፅዋ እንደ ገበያ ወጣ።

ብርቱካን ስኒውን አስቀመጠች። «ኧረ እሱ ሥጋችንን ነክቶ አያውቅም። መሥሪያ ቤት የሚያስቀምጣት ትንሽ ድስት ነበረችው። የእኛ ቦሎቄ ከበጉ ስብ ጋር ስለሚሠራ እሱንም አይቀምስም። የራሱን በዘይት ቀቅሎ ይዞ ይመጣል፤ ከዳር ተቀምጦ እሷን ይበላል። ከሪም ቦሎቄ ነፍሱ ነው እያልን እንስቅበት ነበር።»

«ዐብዱልከሪም ቦሎቄ አይወድም።»

«እንዴት አይወድም?»

«አንድ ቀን ሠርቼለት ገፍቶት ነው የተነሳው። ድርሻዬን በልቼ ጨርሻለሁ ነው ያለኝ።»

ብርቱካን ወደ ሃጂራ ጠጋ አለች። ስትናገር ቀስ ብላ ነው፤ ከሃጂራ በቀር ማንም እንዳይሰማት የፈለገች ትመስል ነበር።

«ድርሻዬን አለሽ? እንግዲያው የአድማሴ ነገር ነው። ልጆች ሆነን፣ መመገቢያ አዳራሹ ውስጥ፣ ምግብ ማስተረፍ አይፈቀድም ነበር። ሳህኑን ያልጨረሰ ልጅ ጨርሶ እስኪነሳ እዚያው ይቀመጣል። ሥጋው ደግሞ አብዛኛውን ቀን የእሪያ ነው። ከሪም አልበላም ብሎ አዳራሹ ባዶ እስኪሆን ይቀመጥ ነበር። አጠገቡ አድማሴ ነበረ። አንድ ቀን አድማሴ የከሪምን ሥጋ ወደ ራሱ ሳህን ገለበጠና ቦሎቄውን ሁሉ ለከሪም ሰጠው። ከዚያ በየቀኑ እንዲያ ሆነ።»

«ሁለት ድርሻ ሥጋ አገኘ በይኛ።»

«የቄስ የልጅ ልጅ ነው እኮ ሃጂራ። እሪያ በዓይኑ አይቶ አያውቅም። በልቶ ይወጣና ከአጥሩ ጀርባ ያስመልሰዋል። እኔ ነኝ ውሃ የማቀብለው። ተው አትብላ ስለው ‹አንዳችን እንኳ ሳንረክስ አገራችን እንግባ› ይለኛል። የልጅ ነገር። ቆይቶ ለመደው።»

«አድማሴ?»

«አድማሴ።»

«ይኼ ባለ ባርኔጣው?»

«እሱው ነው።»

ሃጂራ የብርቱካንን ስኒ አንስታ ሞላችው። ደግሞ ቁጣዋ መጣባት፤ ቁጣዋን በማግኘቷ ደስ አላት።

«ታዲያ ኋላ ሰው ከሆናችሁ፣ ደሞዝ ከበላችሁ በኋላ፣ ለእሱ የሚያርድ አንድ ሙስሊም ጎንደር ላይ አጣችሁ? በየመንገዱ ያለው ሙስሊም አይደል?»

«ከሪም ነው ያለን። ለእኔ አትቸገሩ፣ ቦሎቄ ይበቃኛል አለ። እኛም አመንነው። ምቹ ነበራ፤ ምቹ ነገር ማን ይመረምራል? አድማሴም ያንን የአዳራሹን ነገር አንስቶት አያውቅም። ረስቶት ይሁን አፍሮበት እንጃ። ስለ ኩባ ሲያወራ ሰምተሽው ከሆነ የሚያወራው ባሕሩን ነው።»

ብርቱካን ስትሄድ ሃጂራ ተነስታ ጓዳ ገባች። ሳህኑ ምስማሩ ላይ ነው። አፈረች። ዕድሜ ልኳን ማንንም ያልበደለች ሴት መሆኗን ታምን ነበር፤ ሰው ስትንቅ ደግሞ አጣርታ የምትንቅ። አድማሴን መናቋን አልተወችም፤ ይህን ያህል ዓመት የከረመ ንቀት በአንድ ስኒ ሻይ አይወጣም። ብቻ አሁን ከናቀቻቸው ሰዎች መደዳ ራሷን አገኘችው። ባሏ የማይወደውን እህል ዘርቶ፣ አርሞ፣ አጭዶ፣ ከልጅነት ጓደኞቹ ገበታ ሳይለይ ደግሞም ሳይረክስ የሚቀመጥበትን ዘዴ አበጅቶ ኖሯል። ማታ ማታ ደግሞ ከእሷ ገበታ ሳህኑ ለብቻው ነበር። ማንም ያላመነው ሰው ነው የሞተባት።

አያ ቡሽራን አስጠራቻቸው።

«ክንዱ እዚሁ ይረድ» አለቻቸው። «ሚስቱም በጓሮ በኩል ትሥራ።»

«አልሐምዱሊላህ። ምን መለሰሽ ልጄ?»

«ምንም። ሰው ምን ይለናል ብዬ ነው።»

ከዚያ ከሒክማ ጋር ጥቁሯን ጆንያ ጎትተው አወጡ። ቦሎቄዋን ከጠጠሯ ለቀሟት፤ አንድ ጣሳ ለዘር አስቀርተው የቀረችውን ዘፈዘፏት። ሃጂራ ከራሷ ቅመም፣ ከማትሸጠው፣ አወጣች። በዘይትና በሽንኩርት ነው የተሠራችው፤ ሥጋ የነካው ጭልፋ ድስቷ አጠገብ እንዳይደርስ ሃጂራ ራሷ ቆማ ጠበቀች።

በሰደቃው ቀን ድንኳኑ እንደ ደንቡ ለሁለት ተከፍሎ ተቀመጠ፤ በዚህ ሙስሊሙ፣ በዚያ ክርስቲያኑ፣ ሥጋውም እንደዚያው። ቦሎቄዋ ብቻ በሁለቱም በኩል ዞረች። አድማሴ ያንኑ ሸሚዝ ለብሶ፣ የተጠቀለለ ባንዲራ በብብቱ ይዞ መጥቷል። ሰዉ እጁን ሲታጠብ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ክቡራትና ክቡራን፣ የላቲን ቅርሳችን…»

«ልጄ፣ ሰው ርቦታል» አሉ አያ ቡሽራ። «በሃይማኖትህ ባርክና ብላ።»

ሃጂራ ከበሩ ሆና ተናገረችው። «አቶ አድማሴ፣ ጆንያዋ አልቃለች። ቀናችሁ ዛሬ ነው። እዚሁ ብሉ።»

ባንዲራውን ከወንበሩ ሥር ከተተና ተቀመጠ። ሒክማ ሳህን አቀረበችለት፤ በአንድ በኩል ሥጋ፣ በአንድ በኩል ጥቁር ቦሎቄ። አድማሴ ሳህኑን አየ፤ ቀና ብሎ ልጅቷን አየ።

«በስብ ነው?»

«በዘይት ነው ጋሼ። ሁሉም ሰው የሚበላው ነው።»

ትንሽ እንደተቀመጠ ባርኔጣውን አወለቀ። ከዚያ ሥጋውን በሙሉ አጠገቡ ለተቀመጠው ሰው ሳህን ላይ አደረገና ቦሎቄውን ብቻ መብላት ጀመረ። እያለቀሰ ነው የሚበላው፤ በዚህ ጊዜ ድምፅ አላወጣም። ወጡ ሸሚዙ አበባ ላይ ፈሰሰ። ስልኩ እንደገና ጮኸ፤ መለከቱ፣ ከበሮው። አድማሴ አልሰማውም፤ ስልኩ ዘፈኑን እስኪጨርስ ዘፈነ። አይ ጅል፣ አለች ሃጂራ በሆዷ፣ ከመጋረጃው ጀርባ፤ ጨርሶ እስኪነሳ ግን ዓይኗን ከእሱ ላይ አላነሳችም።

ሰዉ ሲበተን፣ ሴቶቹ ሳፋውን ከበው ዕቃ ማጠብ ሲይዙ፣ ሒክማ ለእናቷ ምግብ ይዛላት መጣች።

«ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስሽም እማ።»

«በዚህ አይደለም። በዚያኛው አምጪልኝ።»

«በየቱ?»

ሃጂራ በአገጯ ወደ ጓዳው፣ ወደ ምስማሩ አመለከተች። ሒክማ እናቷን አየቻት፤ ሄዳ ሰማያዊ ጠርዙን ሳህን አውርዳ ወደ ውሃው ልትወስደው ዞረች።

«ተይው፣ አትለቅልቂው» አለች ሃጂራ። «እሱ ያጠበው ነው።»

ሒክማ ከድስቱ ሥር የቀረችውን ቦሎቄ ጨልፋ አደረገችላት። ሃጂራ ቢስሚላህ አለችና በላች። ቦሎቄዋ ቀዝቅዛለች፤ ደህና አልበሰለችም። ድርሻዋን አልገፋችም፤ እንባዋ ሳህኑ ላይ እየወረደ እስከ መጨረሻዋ ፍሬ በላችው። ከዚያ ተነስታ ወደ ሳፋው ሄደችና፣ ሴቶቹ እጃቸውን አንስተው እያዩዋት፣ ሳህኑን ከሌሎቹ ሳህኖች ጋር ነከረችው።